30 ኮምፒውተር፣ አንድ ኢሜጅ፦ የሊኑክስ ላብን በኔትወርክ ክሎን የማድረግ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎና ሰበታ፣ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ሲከፍት ነገሩ ይመሳሰላል። ያገለገሉ 20 ወይም 30 ዴስክቶፖች ከመርካቶ ተገዝተው ይመጣሉ። ዴሉም ኤችፒውም ተቀላቅሎ ነው። ከዚያ የአይሲቲ መምህሩ ፍላሽ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ኡቡንቱ ይጭናል። አንዱ ላይ ሊብሬኦፊስ ይገባል፣ ሌላው ላይ ይረሳል። አንዱ አማርኛ ይጽፋል፣ ሌላው ሳጥን ሳጥኑን ብቻ ያሳያል። ተማሪው ምን እንደሚማር የሚወስነው የደረሰው ወንበር ይሆናል። ይሄ ደግሞ መሆን የሌለበት ነገር ነው።

መፍትሔው አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ ማዘጋጀትና እሱን በኔትወርክ ለሁሉም መገልበጥ ነው። የተዘጋጀው ዲስክ ቅጂ ኢሜጅ ይባላል፣ ግልበጣው ደግሞ ክሎን ማድረግ። ለዚህ ክሎንዚላ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተሠራው ታይዋን ውስጥ ባለው ብሔራዊ የኮምፒውቲንግ ማእከል ነው። ዲስኩን ከነባዶ ቦታው አይገለብጥም፤ ዳታ ያለበትን ክፍል ብቻ ያነባል። 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 15 ጊጋባይት ብቻ ከተያዘ የሚያነበው 15ቱን ነው፤ እሱንም ጨምቆ ያስቀምጣል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበላችሁ። ግልበጣው ቀላሉ ክፍል ነው። ሥራው ያለው ከሱ በፊት ነው፦ ዋናውን ኮምፒውተር በወጉ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ቅጂዎቹ መጀመሪያ ሲነሱ የየራሳቸውን ስምና መለያ ራሳቸው እንዲይዙ ማድረግ። ብዙ ሰው ይህቺን ሁለተኛዋን ይዘላትና ሰኞ ጠዋት 30 ኮምፒውተር በአንድ ስም ይነሳበታል። ስለዚህ እሷ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ምን ያስፈልጋል

የኬብል መሰኪያ ያለውና ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ያዙ። እንደ ሰርቨር የሚያገለግለው እሱ ነው። ዴስክቶፕም ይሠራል፣ ግን መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ አይጠፋም። ክሎንዚላ የተጫነበት ፍላሽ፣ ኢሜጁ የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ዲስክ፣ በቂ መሰኪያ ያለው ስዊችና ኬብሎች ጨምሩ። ዋይፋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮምፒውተሮቹ ገና ምንም ሳይጫንባቸው ከኔትወርክ መነሳት ስላለባቸው ኬብል ግድ ነው።

ስዊቹ ጊጋቢት ቢሆን እመርጣለሁ። ሂሳቡን እዩት። ኢሜጁ 12 ጊጋባይት ነው እንበል። በ100 ሜጋቢት ስዊች በሰከንድ የሚያልፈው 11 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለመሙላት 18 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሰርቨሩ ለ30ዎቹ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢልክ ደግሞ 9 ሰዓት ይሆናል። መልቲካስት የሚባለው ዘዴ የሚያድነን ከዚህ ነው። ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀበላሉ። የዝግባ ችግኝ አንድ በአንድ በጆግ በማጠጣትና ዝናብ በመዝነቡ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። 30ም ይሁኑ 5፣ ጊዜው ያው 18 ደቂቃ አካባቢ ነው። ጊጋቢት ስዊች ካላችሁ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ኔትወርኩ መሆኑ ይቀርና የዲስኮቹ አቅም ይሆናል።

ለስዊቹ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ብታገኙ ጥሩ ነው። ለኮምፒውተሮቹ ግን አትጨነቁ። መሀል ላይ መብራት ቢሄድባቸው የሚጠፋ ነገር የለም፤ ከመጀመሪያው ይደገማል እንጂ። ትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ካለው ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለጥበቃው ንገሯቸው። «ጋሼ፣ መብራት ቢሄድ ጄኔሬተሩን ሳያስነሱ በፊት አንዴ ይጥሩኝ» ማለት ይበቃል። ሁሉንም ኮምፒውተር ከማከፋፈያው ነቅላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ኃይል አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አያቃጥልባችሁም።

ኔትወርኩን ለይታችሁ አስቀምጡ

ስዊቹ ላይ የኢንተርኔት ራውተር ከተሰካ ንቀሉት። ይህንን አትዝለሉ። ክሎንዚላ ለኮምፒውተሮቹ አይፒ አድራሻ የሚያድል የራሱ ዲኤችሲፒ አለው። ራውተሩም የራሱ አለው። ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ የሚሰማው ቀድሞ የመለሰለትን ነው። ራውተሩ ከቀደመ ኮምፒውተሩ አድራሻ ያገኛል፣ ግን የሚነሳበትን ፋይል የት እንደሚያገኝ የሚነግረው የለም። ያኔ ግማሹ ይነሳል ግማሹ እምቢ ይላል፣ ቀኑም ኬብል በመጠርጠር ያልቃል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ የኔትወርክ ካርዱ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፣ የሚነሳበትን ፋይል ስምም ይነግረዋል። ካርዱ ያንን ፋይል ቲኤፍቲፒ በሚባለው ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ አውርዶ ይነሳል። ይህ አሠራር ፒኤክስኢ ይባላል። ኢንቴል ዝርዝር ደንቡን ካወጣበት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለቢሮ በተሠሩ ዴስክቶፖች ላይ የተለመደ ነው። ስለዚህ የናንተ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ያውቁታል።

ስዊቹ ተራ ከሆነ ሰክታችሁ እለፉ። ባንክ ወይም ድርጅት ሲጠቀምበት የነበረና ሴቲንግ ያለው ከሆነ ግን አንድ ነገር እዩ። አንዳንዶቹ ኬብል ሲሰካ መሰኪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ዘግተው ያጣራሉ። ኮምፒውተሩ እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ሴቲንጉ ውስጥ ፖርትፋስት ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን አማራጭ አብሩት።

ባዮሱን አንድ ጊዜ ዙሩት

ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳው የሴቲንግ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ማሳጠሪያ የለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ዘንድ መሄድ አለባችሁ። ግን አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አትመለሱም።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ብላችሁ ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዙና ቀይሩ። ባትሪዋ ከሞተች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር አሁን የምታስተካክሉት ሴቲንግ ሊጠፋ ይችላል። ቀኑ ሲዛባ ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ አይከፍትም። ያኔ ሰው ኢንተርኔቱን ይረግማል።

ቀጥሎ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ኔትወርክ በቀዳሚነት፣ ዲስክ በሁለተኛነት አድርጉ። ኔትወርክ ካርዱ ላይ ፒኤክስኢ መብራቱን አረጋግጡ። ሁሉም ወይ በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ በዩኢኤፍአይ ወይ በድሮው በሌጋሲ ይሁኑ፤ መቀላቀል አይሆንም። በዩኢኤፍአይ የተጫነ ሲስተም ሌጋሲ ብቻ በሚያውቅ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ያልታመነ ማስነሻ የሚያግደው ሴኪዩር ቡት ከኔትወርክ ማስነሳትን ከከለከለባችሁ አጥፉት።

ሌላም አለ። ባዮሱ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ምረጡ። መብራት በመጣ ቁጥር 30 ኮምፒውተር አብሮ መነሳቱ ለማከፋፈያውም ለዲስኮቹም ጥሩ አይደለም።

እዚያው ላይ ሳላችሁ የእያንዳንዱን ማክ አድራሻ፣ የኔትወርክ ካርዱን መለያ ማለት ነው፣ መዝግቡ። ባዮሱ ላይ ወይም ፒኤክስኢ ሲነሳ በሚታየው ጥቁር ስክሪን ላይ ይገኛል። 12 ምልክት ያለው፣ ከቁጥርና ከፊደል የተቀላቀለ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት፣ እጅ ጽሑፍ ላይ ስምንትና የላቲኑ «ቢ» ይመሳሰላሉ። በወንበር ቅደም ተከተል ከበሩ በኩል ጀምሩ። የመጀመሪያው ላብ-01 ነው፣ ቀጣዩ ላብ-02። ይህ ዝርዝር በኋላ የሚሠራውን ሥራ ስታዩ ድካሙን ትረሱታላችሁ።

ዋናውን ኮምፒውተር ማዘጋጀት

የምትመርጡት ኮምፒውተር ዲስኩ ከሁሉም ትንሹ መሆን አለበት። ክሎንዚላ ከትልቅ ዲስክ ወደ ትንሽ ዲስክ መገልበጥ በነባሪ ሴቲንጉ እሺ አይልም፣ ከ128 ወደ 120 እንኳን ቢሆን። ከትንሽ ወደ ትልቅ ግን ችግር የለበትም፤ የተረፈውን ቦታ እንዲያሰፋው ማዘዝ ይቻላል።

ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ዋናውን ኡቡንቱ አልመክርም። ዙቡንቱ ወይም የሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይሻላል። ተማሪው ፊት ለፊት ቶሎ የሚከፈት ነገር ነው የሚፈልገው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትም ውሰዱ። ዲስኩን በቀላሉ ከፋፍሉት፤ የፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ቢሆን ይበቃል። ዲስክ ማመስጠሪያውን አታብሩ። ከተመሰጠረ የድሮው ክሎንዚላ ባዶውን ከሞላው መለየት አይችልም፣ ዲስኩን በሙሉ ለመገልበጥ ይገደዳል።

ከዚያ ተማሪው የሚያስፈልገውን ሁሉ ጫኑ። ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስ፣ ለታናናሾቹ ጂኮምፕሪ። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ሰፈር ኪዊክስን አትርሱት። ዊኪፔዲያን ያለኢንተርኔት ያስነብባል። ፋይሉ ግን ትልቅ ስለሆነ ኢሜጁ ውስጥ ከማስገባት ሰርቨር ላይ አስቀምጣችሁ ሁሉም ከዚያ እንዲከፍቱት ብታደርጉ ይሻላል።

አማርኛው ላይ በደንብ ጊዜ ስጡ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለውን የግእዝ ፎንት ጫኑ። አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ጋር ሲጫን ሴራ የሚባለው የአጻጻፍ ዘዴ ይመጣል፤ ድምፁን በላቲን ፊደል እየመታችሁ ግእዙ ይወጣል። ተማሪው ቋንቋ የሚቀይርበትን ቁልፍ አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ አድርጉት። ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ በተማሪው አካውንት ገብታችሁ አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉ፣ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፣ መልሳችሁ ክፈቱት። እዚህ የሠራ 30 ቦታ ይሠራል። እዚህ የተበላሸም እንደዚያው።

አሁን ማጽዳት። ቴሌግራም ከፍታችሁ ከነበረ ውጡ። ብራውዘር ላይ ጂሜይል ከገባችሁ ውጡና የብራውዘሩን ታሪክ አጥፉ። የተቀመጠ የዋይፋይ ፓስወርድ፣ የጻፋችኋቸው ትእዛዞች ታሪክ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ የወረዱ የመጫኛ ፓኬጆች ሁሉ ይሰረዙ። እዚህ ኮምፒውተር ላይ የቀረ የግል ነገር 30 ተማሪ ፊት ነው የሚቀመጠው።

ቅጂዎቹ ራሳቸውን እንዲለዩ

ክሎን የተደረጉ ኮምፒውተሮች ሦስት ነገር ይጋራሉ፣ ሦስቱም መለየት አለባቸው።

አንደኛው ማሺን-አይዲ ነው። ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለ ትንሽ ፋይል ነው፣ አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ይዟል። ሊኑክስ ይህንን ቁጥር ተጠቅሞ ለዲኤችሲፒ ማንነቱን የሚያስተዋውቅበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ሰርቨሩ ሁለት ኮምፒውተር እንደ አንድ ቆጥሮ አንድ አይፒ ለሁለቱም ይሰጣል። ከዚያ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፣ ምክንያቱም ግራ ያጋባል። ፋይሉን አትሰርዙት፣ ባዶ አድርጉት። ትራንኬት በሚባለው ትእዛዝ መጠኑን ዜሮ ማድረግ ይበቃል። ሲስተሙ ቀጥሎ ሲነሳ ባዶ መሆኑን አይቶ አዲስ ቁጥር ራሱ ይፈጥራል።

ሁለተኛው የኤስኤስኤች ቁልፎች ናቸው። ከርቀት የምትገቡበትን በር የሚያረጋግጡ ፋይሎች ናቸው። ኢቲሲ ውስጥ ባለው የኤስኤስኤች ፎልደር ስማቸው በ«ኤስኤስኤች ሆስት» የሚጀምሩትን ሁሉ ሰርዙ። እነዚህ ግን በኡቡንቱና በዴቢያን ዴስክቶፕ ላይ በራሳቸው አይመለሱም። የሚፈጥራቸው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስሙ ነው።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ። የሚሠራው እንዲህ ነው። ሲስ ውስጥ፣ ክላስ፣ ከዚያም ኔት በሚለው ፎልደር ገብቶ የኬብል ካርዱን ማክ አድራሻ ያነባል። ቀደም ሲል በወንበር ቅደም ተከተል የመዘገባችሁትን ዝርዝር ከፍቶ ይህ ማክ የማን እንደሆነ ይፈልጋል። ላብ-07 ካለ ይህንኑ ኢቲሲ ውስጥ ያለው የሆስትኔም ፋይል ላይ ይጽፋል። ሆስትስ የሚለው ፋይል ላይም 127.0.1.1 ያለበትን መስመር በአዲሱ ስም ይተካል። ይህቺን መስመር ከረሳችሁ ሱዶ ብላችሁ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ባዘዛችሁ ቁጥር ስሙን ማግኘት አልቻልኩም እያለ ያጉረመርማል። ዝርዝሩ ላይ ማኩን ካጣው ደግሞ ከማኩ የመጨረሻ ስድስት ምልክቶች ስም ያበጃል። በኋላ አንድ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሌላ ቢተካ ስም አልባ አይሆንም። በመጨረሻ ኤስኤስኤች-ኪጄን የሚባለውን ትእዛዝ ከትልቁ «ኤ» ጋር ይጠራል፣ የጎደሉት ቁልፎች ሁሉ ይፈጠራሉ።

ስክሪፕቱን የሚያስነሳ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስጀምረው) አገልግሎት ሥሩለት። ሁለት ነገር አስተካክሉ። ከኔትወርኩና ከኤስኤስኤች በፊት እንዲነሳ አድርጉ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ገና በድሮው ስም አድራሻ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ባዶ ምልክት ፋይል ይፍጠር፣ ያ ፋይል ካለ ደግሞ ዳግም እንዳይነሳ ይታዘዝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።

የሰርቨራችሁን የኤስኤስኤች የሕዝብ ቁልፍ የአስተዳዳሪው አካውንት ውስጥ አሁኑኑ አስቀምጡ። በኋላ 30ዎቹንም ያለፓስወርድ ከአንድ ቦታ ለማዘዝ የሚያስችላችሁ እሱ ነው።

ማሺን-አይዲውን ባዶ ማድረግና ቁልፎቹን መሰረዝ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፉት። ኢሜጁ ሳይወሰድ በፊት ከራሱ ዲስክ እንዳይነሳ ተጠንቀቁ። ከተነሳ ስክሪፕቱ ይሠራል፣ ምልክት ፋይሉ ይፈጠራል፣ አዲስ ማሺን-አይዲም ይወለዳል። ያኔ ማጽዳቱን መድገም ነው።

ኢሜጁን መውሰድ

ፍላሹን ሰክታችሁ ዋናውን ኮምፒውተር በክሎንዚላ አስነሱ። ከዲስክ ወደ ኢሜጅ የሚለውን ምረጡ፣ ማስቀመጫው ኤክስተርናል ዲስኩ ይሁን፣ ለጀማሪ የሚለውን መንገድ ተከተሉ፣ ዲስኩን በሙሉ የሚያስቀምጠውን ምረጡ። ኢሜጁ አንድ ፋይል ሳይሆን ፎልደር ነው፣ ስትገለብጡት ከነፎልደሩ ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ኢሜጅ ላረጋግጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ በሉት። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ግን የተበላሸ ኢሜጅ ለ30 ኮምፒውተር ከመላክ ያድናል።

ጥያቄዎቹን መልሳችሁ ስትጨርሱ ክሎንዚላ ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም መስመር ያሳያል፤ የመረጣችሁትን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጠቅልሎ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህንን በቀጥታ ማዘዝ ትችላላችሁ ይላል። ይህቺኛዋ ኢሜጅ የምትወስደዋ ናት፤ ኢሜጁን ወደ አንድ ኮምፒውተር ዲስክ ስትመልሱም እንዲህ ያለች መስመር ትወጣለች፣ ፎቶ የምታነሱት እሷን ነው። ፋይል ላይም ያስቀምጣታል፣ ነገር ግን በጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። ሥራውን ሙሉ በሙሉ በራሱ እንዲሄድ የምታደርጉት በዚህች የመመለሻ መስመር ነው።

ለሁሉም መላክ

ላፕቶፑን በክሎንዚላ አስነሱ። አሁን የምትመርጡት ላይት ሰርቨር የሚለውን ነው። ኤክስተርናል ዲስኩን የኢሜጅ ማስቀመጫ አድርጉት። የትኛውን ኔትወርክ ካርድ ልጠቀም ሲል ስዊቹ ላይ የተሰካውን የኬብሉን ስጡት። ዲኤችሲፒውን ራሱ እንዲያስነሳ ፍቀዱለት፤ ራውተሩ መነቀሉን እንደገና አይታችሁ። ከኢሜጅ፣ ዲስክ በሙሉ፣ በመልቲካስት በሉት። ኮምፒውተሮቹ ሲጨርሱ እንዲጠፉ እዘዙ።

ስንት ኮምፒውተር ልጠብቅ ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር ብቻ ከሰጣችሁት አንዱ ባይነሳ 29ኙ እሱን ሲጠብቁ ይውላሉ። ቁጥርና ጊዜ አብሮ የሚቀበለውን አማራጭ ውሰዱ። 30 ኮምፒውተር ወይም 300 ሰከንድ፣ ቀድሞ የደረሰው።

መጀመሪያ በ30ው አትጀምሩ። ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ምረጡ፤ ከየሞዴሉ አንድ፣ አንዱ ከመጨረሻው ረድፍ ይሁን። እነሱ ላይ ልካችሁ፣ ተነስተው፣ የየራሳቸውን ስም ይዘው ስታዩ ነው ወደ ሌሎቹ የምትሄዱት። ዲስካቸው ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው አዲሱ ዓይነት) የሆኑ ካሉ ሊኑክስ የሚጠራቸው በኬብል ከሚሰኩት ሳታዎች በተለየ ስም ስለሆነ ለብቻቸው በሌላ ዙር ላኩላቸው።

ከዚያ በወንበር ቅደም ተከተል አብሩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲኤችሲፒ የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ምልክት ይሽከረከራል። ጥቂት ቆይቶ 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከታየ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን አግኝቷል። ምልክቱ እየተሽከረከረ ከቆየ ኬብሉን እዩ። የስዊቹ መብራት ካልበራ ጫፉ ላልቷል ወይም ተቆርጧል። ቀድመው የተነሱት ሌሎቹን እየጠበቁ ይቆማሉ። የመጨረሻው ሲገባ ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። ሁሉም ስክሪን ላይ ክሎንዚላ ለግልበጣው የሚጠቀምበት የፓርትክሎን ሳጥን ይከፈታል፦ ያለፈው ጊዜ፣ የቀረው ጊዜ፣ ፍጥነቱ፣ ፐርሰንቱ። 30ው አብሮ 1 ፐርሰንት፣ አብሮ 2 ፐርሰንት ሲል ማየት ደስ ይላል።

ፍጥነቱ በጣም ከወረደ አንዱ ሁሉንም ይዟቸዋል ማለት ነው። በመልቲካስት ሁሉም የሚሄዱት በደካማው ፍጥነት ነው። ተጠርጣሪው ሁለት ነው። ወይ አንድ ኮምፒውተር በመጥፎ ኬብል ምክንያት በ100 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በታች ተገናኝቷል፤ ብዙ ስዊቾች ይህንን በመብራቱ ቀለም ያሳያሉ። ወይም አንዱ ዲስክ ሊሞት ነው። ሌሎቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ የሱ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙም ጠቅ ጠቅ ይላል። አውጡት፣ ሌሎቹ ይቀጥሉ። ያንን ዲስክ በስማርት መፈተሻ እዩና ከተበላሸ በትንሽ ኤስኤስዲ ተኩት። ላብ ውስጥ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው።

ማረጋገጥ

ሁሉንም ከዲስካቸው አስነሱ። ራውተሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ ከላፕቶፓችሁ ብዙ ኮምፒውተር በአንዴ በሚያዝዘው አንሲብል ወይም በተራ ስክሪፕት ለሁሉም አንድ ጥያቄ ላኩ፦ ስምህ ማነው፣ ማሺን-አይዲህ ስንት ነው። መልሱን በቅደም ተከተል ደርድሩና የተደገመ መኖሩን እዩ። መደገም የለበትም።

ከዚያ እየተዘዋወራችሁ ሦስት አራቱ ላይ ቁጭ ብላችሁ አማርኛ ጻፉ። ዲስኩ ተገልብጦ «የሚነሳ ሲስተም የለም» የሚል ካለ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። የማስነሻ ዝርዝሩ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ከዲስኩ ጋር አይገለበጥም። ክሎንዚላ ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ አንዳንድ አሮጌ ባዮስ ግን አይቀበለውም። ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ የኡቡንቱን ማስነሻ ፋይል በእጅ ጠቁሙት።

በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሳይነካው

በሴሚስተር መጨረሻ ላቡን እንደ አዲስ ማድረግ ትፈልጋላችሁ። ያኔ ዞር ዞር ማለት አያስፈልግም። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫኑና ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ቀላል ፕሮግራም አስገቡበት። አድራሻም ያድላል፣ የማስነሻ ፋይልም ይልካል። ራውተሩ አድራሻ ማደሉን ይቀጥል ካላችሁም ፕሮክሲ በሚባለው ዘዴ የማስነሻውን መረጃ ብቻ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ከዚያ የክሎንዚላን ማስነሻ ፋይሎች አስቀምጡበት፣ ፎቶ ያነሳችኋትን የመመለሻ መስመር ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዲሠራ ከሚያደርገው የባች አማራጭ ጋር የማስነሻ ሜኑው ውስጥ አስገቡ።

ሜኑው ሁለት ምርጫ ይኑረው፦ ከራስህ ዲስክ ተነሳ፣ ወይም ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ገልብጥ። ነባሪው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ይሁን። ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ጠዋት ከኔትወርክ ይነሳሉ፣ ሰርቨሩ ወደ ዲስክህ ሂድ ይላቸዋል፣ ተማሪው ልዩነቱን አያየውም። መገልበጥ ስትፈልጉ ነባሪውን ሰርቨሩ ላይ ትቀይራላችሁ፣ ባዮሱ ላይ ዌክ-ኦን-ላን ከበራ ኮምፒውተሮቹንም ከዚያው ትቀሰቅሳላችሁ። ሲጨርሱ ይጠፋሉ።

እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ግልበጣው እንዳለቀ ነባሪውን ወዲያውኑ ወደ ዲስክ መልሱት። ካልመለሳችሁት ማንኛውም ኮምፒውተር በሚቀጥለው ቀን ሲበራ ዲስኩን ይደመስሳል፣ የተማሪዎቹን ሥራ ጨምሮ። ይህንን ለማስታወስ በሰው ላይ አትተማመኑ። ግልበጣው ከተጀመረ 3 ሰዓት ሲሞላው ሜኑውን የሚመልስ፣ በተቀጠረለት ጊዜ በራሱ የሚነሳ የክሮን ትእዛዝ ግልበጣውን ከሚያስጀምረው ስክሪፕት ጋር አብራችሁ ጻፉ። የተማሪዎቹንም ፋይል ሰርቨሩ ላይ ባለ የጋራ ፎልደር አስቀምጡ። ዲስኩ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ግልበጣ እንደሚጠፋ ለሌሎቹ መምህራን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የኢሜጁን ፎልደር ስም ከነቀኑ ስጡት፣ የቀድሞውንም አዲሱ በደንብ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አታጥፉት። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ ከላቡ ውጭ፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ካቢኔ ውስጥ አስቆልፉ። የማክ አድራሻዎቹን ዝርዝርና የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ በወረቀት አትማችሁ በታሸገ ፖስታ ከዲስኩ ጋር አኑሩ።